ባሕር የተከለከለ ሰው

ዜንሱኬ ወደ ኮሳኪ የተመለሰው የዝናቡ ወራት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከፊትም ከኋላም ጠባቂ አጅቦት ነው። ታኪ በዚያ ሰዓት ከሌሎቹ ጠላቂ ሴቶች ጋር አሸዋው ላይ ተቀምጣ አዋቢ ትዘለዝል ነበር። አዋቢ ከባሕር ሥር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ሥጋው የጠነከረ ትልቅ ቀንድ አውጣ ነው። የኮሳኪ ሴቶች ጠልቀው በመሮ እየፈነቀሉ ያወጡታል፤ እንደ ቋንጣ ዘልዝለው ያደርቁትና ምርጥ ምርጡ ለኢሴ ቤተ መቅደስ መባ ይላካል። ታኪ ቀና ብላ ሦስቱን ሰዎች አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የተያዘ ሌባ የሚወስዱ ነበር የመሰላት።

«ታኪ» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የዚያ ሰውዬ አረማመድ የማንን ይመስላል?»

ታኪ እንደገና አየች። ሰውየው ከስቷል፤ ጸጉሩም እንደ አገሩ ወንድ አናቱ ላይ ለመታሰር ገና አልደረሰም። ግን ቀኝ ትከሻውን ቀደም አድርጎ ነው የሚራመደው። በሕይወቷ እንደዚያ ሲራመድ ያየችው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አልጮኸችም፤ ቢላዋውም ከእጇ አልወደቀም። የጀመረችውን ዘልዝላ ጨረሰችና እጇን በባሕር ውኃ ታጥባ ተነሣች።

ዜንሱኬ የአገሪቱ ገዢ ወደሚቀመጥበት ከተማ ወደ ኤዶ ሩዝና ሳኬ የተባለውን የሩዝ ጠጅ በምታመላልስ የጭነት መርከብ ላይ መሪ ያዥ ነበር። በአንድ የብርድ ወር አሥራ አንድ ሆነው እንደወጡ ቀሩ። በዚያ ወቅት ከምዕራብ የሚነሣ ነፋስ መርከብ ካገኘ ወደ ክፍቱ ባሕር ነው የሚገፋው፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁሩ ጅረት፣ ያ የባሕር ውስጥ ወንዝ፣ ተቀብሎ ይወስደዋል። ከወሰደ ደግሞ አይመልስም። የኮሳኪ ሰው ይህን ስለሚያውቅ አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ከዚያ ያለቅሳል። ታኪም ጠበቀች፤ አለቀሰች። አስከሬን ስላልነበረ አሮጌ ልብሱን ቀብረው ድንጋይ አቆሙ። መነኩሴው የሙታን ስም አወጡለት፤ ስሙም በትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ተጽፎ ቤት ውስጥ ካሉት አያቶቹ ስሞች አጠገብ ተቀመጠ።

ታኪ ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረቻት፣ ኢቶ የምትባል። ለማልቀስ እንጂ ላለመጥለቅ ጊዜ አልነበራትም። ጠላቂ ሴት ወገቧ ላይ ገመድ ታስራለች፤ የገመዱ ጫፍ ጀልባው ላይ በቆመ ወንድ እጅ ነው። እሷ ድንጋይ አቅፋ ትወርዳለች፤ ትንፋሿ ሊያልቅ ሲል ገመዱን ትነቀንቃለች፤ እሱ ይስባታል። ስለዚህ በኮሳኪ ገመድ የሚይዝ ባል ነው፣ ወይም አባት ነው፣ ወይም ወንድም፤ ባዕድ አይይዝም። የታኪን ገመድ አባቷ ይይዙ ነበር፤ አባቷ ሲደክሙ የዜንሱኬ ታናሽ ወንድም ማጎሃቺ ያዘ። ማጎሃቺ ዝምተኛ ነው፤ ጠዋት ሲገናኙ ስለ ሞገዱ አንድ ቃል፣ ማታ ሲለያዩ ስለ ነገው ነፋስ አንድ ቃል ይናገራል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠሩ። በአራተኛው ዓመት አማቷ አሮጊቷ ኦሺማ ሁለቱንም ጠርተው፣ ትንፋሽሽን ለሰጠሽው ሰው ሌላውን መስጠት አያስቸግርሽም አሏት። አላስቸገራትም። ወንድ ልጅ ወለዱ።

ዜንሱኬ የተመለሰው ወደዚህ ቤት ነው።

የመንደሩ ሹም ጊኤሞን የቤተሰቡን ሰዎችና የአራቱን ጎረቤት አባወራዎች ሰብስበው፣ ከግዛቱ ገዢ መቀመጫ ከቶባ የመጣውን ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡ። ዜንሱኬ ከባልደረቦቹ ጋር አምስት ወር በባሕር ላይ ተንሳፍፎ፣ ስምንቱ ሞተውበት፣ በባዕድ ዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ተነሥቷል። በደቡብ ምሥራቅ ባለ ደሴት ስድስት ዓመት ግድም ኖሯል፤ የተረፉት ሁለት ባልደረቦቹ እዚያው ቀርተዋል። በቻይና መርከብ ናጋሳኪ ገብቶ ዓመት ከመንፈቅ ተመርምሯል። በአገሩ የተከለከለውን የክርስቲያኖች ሃይማኖት ሥዕል በባዶ እግሩ እንዲረግጥ ታዞ ረግጧል፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። ከአገር መውጣት በሞት የሚያስቀጣ ቢሆንም የወሰደው ነፋስ ስለሆነ ተምሯል። ከእንግዲህ ግን ከግዛቱ አይወጣም፤ መርከብም ሆነ ጀልባ ላይ እግሩን አያሳርፍም፤ ያየውንና የሰማውን ለማንም አይናገርም፤ የባዕዳኑን ቋንቋ አያወጣም። ትእዛዙን ቢጥስ እሱም አምስቱም ቤቶች ይቀጣሉ።

አምስቱ አባወራዎች አንድ በአንድ ማኅተማቸውን አደረጉ። ከአምስቱ አንዱ ማጎሃቺ ነበር። ማኅተሙን ካደረገ በኋላ ከወንድሙ ፊት ተደፍቶ ቀረ።

ሹሙ አንብበው እስኪጨርሱ ዜንሱኬ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። አሁን ዙሪያውን አየ። እናቱን አየ። የአሥራ ሁለት ዓመቷን ኢቶን አየ፤ እሷ ደግሞ አያቷ ኋላ ተሸሸገች። ከማጎሃቺ ጎን የተቀመጠውን የማጎሃቺን ግንባር የያዘ ሕፃን አየ። ታኪን መጨረሻ ላይ ነው ያያት፤ ብዙም አልቆየባትም።

«ገመዷን አንተ ነህ የምትይዘው?» አለ ወንድሙን።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጥሩ» አለና እሱም በተራው ወንድሙ ፊት ተደፋ።

አሮጊቷ ኦሺማ ተነሥተው ስሙ የተጻፈበትን ሰሌዳ ከቦታው አወረዱ። ከዚያ ምን እንደሚያደርጉት ስላላወቁ ይዘውት ቆሙ። በማግስቱ መነኩሴውን ሊጠይቁ ወጡ። መነኩሴው ነገሩን ብዙ ካሰቡበት በኋላ፣ የሙታን ስም አንዴ ከወጣ አይመለስም፣ ስሙ እንደ ሰፊ ልብስ ነው፣ ዛሬ ልኩ ባይሆን ቀስ ብሎ ይደርስበታል፣ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡለት አሉ። ዜንሱኬ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ የታየው ያን ቀን ነው።

ከቤቱም አንድ ሌሊት ብቻ አደረ። ከመንደሩ በላይ፣ ዓሣ አጥማጆች የአየሩን ሁኔታ የሚያዩበት ኮረብታ አለ፤ እዚያ ያለችውን የፈረሰች ጎጆ ለምኖ አደሳትና ገባ። ንጋት ላይ ተነሥቶ ደመናውን፣ የባሕሩን ቀለም፣ የወፎቹን አበራረር አይቶ፣ መውጣት የሚያሰጋ ከሆነ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል። በመጀመሪያ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሁለት ጊዜ ንቀውት ወጥተው ሁለት ጊዜ ሞገድ ሲያንገላታቸው፣ ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ ቀና ብለው ኮረብታውን ማየት ጀመሩ።

ታኪ ግን ተቆጥታ ነበር። ቁጣዋ ምን እንደሆነ ለራሷም ግልጽ አልነበረም፤ ሰው ቢጠይቃት ጀርባዬን አሞኛል ትል ነበር። ከአንድ ወር በኋላ የሩዝ ዱቄት ቂጣና የደረቀ ዓሣ ይዛ ወጣች። ዜንሱኬ ደጁ ላይ የመረብ ቀዳዳ ይደፍን ነበር። ምግቡን አስቀመጠችና ሳትቀመጥ ተናገረችው።

«ዘጠኝ ዓመት ጠፍተህ መጣህ። መጥተህ ደግሞ ብቻህን ወሰንክ። ማጎሃቺን ጠየቅከው፤ እናትህን ጠየቅክ፤ ጎጆውን ከሹሙ ለመንክ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ዕቃ ነኝ እንዴ፣ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው የምዛወር?»

ዜንሱኬ መረቡን አስቀመጠ። «ብጠይቅሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

በመንገዱ ላይ ሁሉ ስታወጣው ስታወርደው የመጣችው መልስ ነበራት፤ አሁን ግን የለም።

«አላውቅም» አለች። «ብትጠይቀኝ ግን አላውቅም እልህ ነበር። እሱም መልስ ነው።»

«ነው» አለ። ቆይቶም «ጥፋቱ የኔ ነው። እዚያ ሆኜ ሳስብሽ ሁልጊዜ የሃያ አራት ዓመት ነበርሽ። የኢቶም ጥርስ ገና በቅሎ አላለቀም ነበር። አንቺ እዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደኖርሽ አልታወቀኝም» አላት።

ሚስት ነበረህ ወይ ልትለው ፈልጋ ነበር። ያየውን መናገር የተከለከለ መሆኑ ትዝ አላትና ጥያቄዋን ዋጠችው። ከዚያ ቀን በኋላ በየሳምንቱ ምግብ ትልክለታለች፤ የምትወስደው ኢቶ ናት። ኢቶ ገና ጥልቀት የሌለው ቦታ መጥለቅ እየተማረች ነበር፤ ከኮረብታው ስትወርድ ነገ የትኛው ወገን ውኃው እንደሚጠራ ለእናቷ ትነግራታለች። አባቷን ግን ለረጅም ጊዜ አባባ ብላ አልጠራችውም፤ የኮረብታው ሰውዬ ነው የምትለው።

ባዕዱ መርከብ የመጣው በሚቀጥለው ጸደይ ነው። ሦስት ምሰሶ ያለው፣ ጎኑ በጢስ የጠቆረ መርከብ ጠዋት ከአድማስ ወዲህ ቆሞ ተገኘ። ሹሙ ጊኤሞን ወዲያው ወደ ቶባ ፈረሰኛ ላኩ፤ ሰውም ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ። ማንም ከቤቱ አልቀረም። መንደሩ በሙሉ አሸዋው ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ከመርከቡ አንዲት ጀልባ ወረደች፤ ስምንት ሰዎችና ባዶ በርሜሎች ይዛ ወደ ወደቡ መጣች። ውኃ ፈልገው እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም ነበር።

ችግሩ አመጣጣቸው ላይ ነው። ከወደቡ አፍ በስተቀኝ ላሞቹ የሚባሉ ድንጋዮች አሉ። ባሕሩ ሲሞላ አይታዩም፤ ሲጎድል ጀርባቸው እንደተኛ ከብት ብቅ ይላል። ያን ሰዓት ባሕሩ እየጎደለ ነበር፤ ግን ገና አልታዩም። ባዕዳኑ ቀጥ ብለው ወደ ላሞቹ ነው የሚቀዝፉት። የመንደሩ ሰው እጁን እያወናጨፈ፣ ተመለሱ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ እያለ ጮኸ። ባዕዳኑ ደስ አላቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው እያውለበለቡ ሰላምታውን መለሱና ይበልጥ በረቱ።

ዜንሱኬ ከኮረብታው እየሮጠ ወርዶ ውኃው ጫፍ ላይ ቆመ። ታኪ አጠገቡ ነበረች። አፉ ተከፍቶ ሲዘጋ አየችው።

«ቋንቋቸውን ታውቃለህ?» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ዞሮ አያት፤ ከእሷም አልፎ ማኅተማቸውን ያደረጉትን አባወራዎች አየ። «የምቀጣው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ታኪ።»

ታኪ በላሞቹ መካከል ሃያ ዓመት ጠልቃለች። ሞገዱ ሰውን ይዞ ድንጋዩ ላይ ሲያሽ ምን እንደሚያደርገው ታውቃለች፤ አንዲት አክስቷ እዚያ ነው የቀረችው። «አንተን ከውኃ ያወጡህ ሰዎችስ» አለችው፣ «የሚፈሩለት ቤተሰብ አልነበራቸውም?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ጀልባ አሸዋውን ሲፈጭ ተሰማ። ማጎሃቺ ጀልባቸውን ብቻውን ወደ ውኃ እየገፋ ነበር። «ከዚህ ሆነህ ብትጮኽ አይሰሙህም» አለ። «እኔ እቀዝፋለሁ። ጋሼ፣ ግባ።»

ዜንሱኬ ሹሙን አየ። ሹሙ ጊኤሞን ሁለት ዓይናቸውን በእጃቸው እያሹ ፊታቸውን ወደ ኮረብታው አዞሩ። «ይህ የተረገመ አሸዋ» አሉ። «ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ምንም አላይ አልኩ።» ከኋላቸው የቆሙት አራቱ አባወራዎችም አንድ በአንድ ዞሩ።

ዜንሱኬ ገባ፤ ታኪም ላሞቹን ከሁሉ የምታውቅ እሷ ናትና ዘላ ገባች። ማጎሃቺ እንደዚያ ሲቀዝፍ አይታ አታውቅም። ከድንጋዮቹ ወዲህ ሲደርሱ ዜንሱኬ እግሮቹን ለያይቶ ቆመና ጮኸ። ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ የማታውቀው ሰው ድምፅ ነው፤ ወፍራም፣ የሚያዝ፣ ከመርከብ ወደ መርከብ መጮኽ የለመደ። እዚያ ስድስት ዓመት ሌላ ሰው ሆኖ ኖሯል ብላ አሰበች፤ ይኸው ያ ሰው። የባዕዳኑ መሪ ያዥ ደንግጦ ቀና አለ፤ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ጀልባዋን ወደ ግራ ጠመዘዛት። ሊያመልጡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። የመጨረሻዋ ላም ግን የጀልባዋን ጎን ገጨችና ሁለት ሰዎች ተወርውረው ወደቁ። አንደኛው በርሜል አቀፈ። ሁለተኛው ረጅም ቡትስ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ጠልቆ አልወጣም።

ታኪ ገመዱን ወገቧ ላይ አዙራ ስታስር ማጎሃቺ ሁለት እጁን ከመቅዘፊያው ማንሣት አልቻለም፤ ጀልባዋን ለአፍታ ከለቀቃት ሞገዱ ይወስዳታል። የገመዱን ጫፍ ለዜንሱኬ ወረወረችለትና ገባች።

ሰውየው ሩቅ አልሄደም ነበር። በሁለቱ ላሞች መካከል፣ የባሕር ሣር ውስጥ፣ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሞ አገኘችው፤ ጫማው በውኃ ሞልቶ እንደ መልሕቅ ይዞታል። ከኋላው በብብቱ ሥር ገብታ አቀፈችውና ገመዱን ነቀነቀች። ልትጨርስ አልቻለችም። ገመዱ ገና ሲነካ እንደ እብድ ተሳበ፤ ወገቧን ቆረጣት፤ ትከሻዋ ከድንጋይ ጋር ተፋተገ። ማጎሃቺ እንዲህ አይስብም። ማጎሃቺ እሷ ከታች ስትሆን እሱም ከላይ ትንፋሹን ይይዛል፤ ይህን ነግሯት አያውቅም፣ ግን ከአሳሳቡ ታውቀዋለች፤ በእኩል፣ በዝግታ፣ ድንጋዩን እያሳለፈ ነው የሚያወጣት። የዛሬው እጅ ስምንት ሰው ለባሕር የሰጠ እጅ ነው። ፈርቷል። ከውኃው በታች፣ ባዕድ ሰው አቅፋ፣ ታኪ ለዜንሱኬ እስከዚያ ቀን አዝናለት የማታውቀውን ያህል አዘነችለት። ያኔም ነው የኮረብታው ላይ ጥያቄ መልሱ የገባት። ትንፋሿን የሚቆጥርላት ሰው አንድ ነው፤ እሱም መቅዘፊያ ይዞ ቆሟል።

ባዕዱ ተረፈ። ውኃ ተቀድቶላቸው፣ ማገዶና አንድ ቅርጫት የሚበላ ነጭ ሥር ተሰጥቷቸው ከሰዓት በኋላ ሄዱ። ያ የሰመጠው ሰው ከመሄዱ በፊት ታኪ ፊት ቆሞ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ዜንሱኬ ሹሙ አጠገባቸው ስለነበሩ አልተረጎመላትም። እሷም እንደገባት ሁሉ አንገቷን ነቀነቀች።

በሦስተኛው ቀን ከቶባ ኩዋባራ የሚባሉ ሳሙራይ ከሁለት ጸሐፊዎች ጋር መጡ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ነገር የማያስቸኩላቸው ሰው ናቸው። መንደርተኛውን አንድ በአንድ ጠየቁ። ከባዕዳኑ ጋር እንዴት ተግባባችሁ? በእጅ፣ አለ አንደኛው። በእጅ፣ አለ ሁለተኛው። ሃያ ሦስት ሰው በእጅ አለ። አሮጊቷ ኦሺማ ተራቸው ሲደርስ፣ ላሞቹን በእጅ እንዴት እንዳስረዱ በተግባር ላሳይ ብለው በአራት እግራቸው ተንበርክከው እንደ ላም እምቧ አሉ። ጸሐፊዎቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ አንገታቸውን ወረቀቱ ላይ ደፉ። ኩዋባራ ግን ፊታቸው ሳይለወጥ «በእጅ ብለህ ጻፍ» አሉ።

ከዚያ አየሩን የሚያየውን ሰው ጎጆ ማየት እፈልጋለሁ ብለው ብቻቸውን ወጡ። ታኪ ሻይ ይዛ እንድትከተል ሹሙ አዘዟት። ኩዋባራ ደጁ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ባሕሩን አዩ። ዜንሱኬ መሬት ላይ ተደፍቶ ነበር።

«ቀና በል» አሉት። «ጸሐፊ የለም። ልጅ ሆኜ ስማር፣ ባሕሩ አጥራችን ነው ይሉን ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የሞንጎሎቹን መርከቦች የሰበረልን ይህ ባሕር ነው። አንተ አጥሩን ተሻግረህ መጥተሃል። እውነት አጥር ነው?»

ዜንሱኬ ታኪን አየ፤ ታኪ ሻይ ቀጂ መሆኗን ትታ አየችው።

«ጌታዬ፣ ከናጋሳኪ እዚህ ድረስ ስመጣ በየኬላው ቆሜ ወረቀት አሳይቻለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ» አለ። «እዚያ ላይ ግን አምስት ወር ስንንሳፈፍ ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ ያለኝ የለም። ባዕዳኑ እንደ መንገድ ነው የሚሄዱበት። ሚስቶቻቸውን ይዘው የሚሄዱም አይቻለሁ።»

«ብዙ ናቸው?»

«በአንድ ወደብ አንድ ጠዋት ስድሳ ምሰሶ ቆጥሬያለሁ። ዓሣ ነባሪ የሚያሳድዱት እዚሁ እኛ ማዶ ነው። ዛሬ ስለማይታዩን ነው እንጂ አሉ።»

ኩዋባራ ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ። «ሩዙም በባሕር ነው የመጣልን ይላሉ፣ ፊደሉም፣ ቡድሃም» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ። «በሩን ስንዘጋው ያሰብነው የሚገባውን ነው። የምንረሳውን አላሰብንም።» ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። «የነገርከኝን አልሰማሁም። ግን አትርሳው።»

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ምንም አልሆነም። ታኪ ጠለቀች፤ ኢቶ ከእናቷ እኩል መጥለቅ ጀመረች፤ አሮጊቷ ኦሺማ ሞቱ። በቀብራቸው ቀን ዜንሱኬና ማጎሃቺ እኩል ተሸከሟቸው። ታኪ ለዜንሱኬ ያን ጊዜ ያላገኘችውን መልስ ነገረችው፤ ከቀብር ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ፣ በአጭሩ። አውቄዋለሁ አላት፤ ያን ቀን ገመዱን ስትፈቺ ከፊትሽ አንብቤዋለሁ። ኢቶም ከዚያ ወዲህ አባባ ትለው ጀመር፤ ማጎሃቺንም አባባ ትላለች፤ ሁለቱ ባሉበት ስትጠራ ሁለቱም ዞር ይላሉ።

ከዚያ በአንድ የሙቀት ወር፣ አራት ጥቁር መርከቦች፣ ሁለቱ ያለ ነፋስ ጢስ እየተፉ፣ የኤዶ ደጃፍ ላይ ቆመዋል የሚል ወሬ በየባሕሩ ዳርቻ ነደደ። ወሬው በደረሰ በሁለት ሳምንት ኩዋባራ ለዜንሱኬ መልእክት ላኩ። ሰው ሁሉ አበቃለት ብሎ ነበር። እሱ ግን ቶባ አርባ ቀን ተቀምጦ፣ ስድስት ጸሐፊዎች ፊት፣ ያየውን ሁሉ እንዲናገር ታዘዘ። ሲመለስ ድምፁ ተዘግቷል። ጀልባ ላይ የመውጣት ፈቃድ የያዘ ወረቀትም ነበረው። ማጎሃቺ በማግስቱ ቦኒቶ የሚባለውን ዓሣ ሊያጠምዱ ይዞት ወጣ። ዜንሱኬ፣ ግማሹን ዓለም በባሕር የዞረው ሰው፣ ገና ከወደቡ ሳይርቁ አስመለሰው። ማጎሃቺ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም፤ ለሳምንት ያህል ለአገኘው ሁሉ አወራው።

ድምፁ ሲመለስ ታኪ ወደ ኮረብታው ወጣች። ሥራ አልነበራትም፤ ባሕሩ ደፍርሶ ጠላቂ ሁሉ አርፏል። ደጁ ላይ ተቀምጣ አርባ ቀን ሙሉ ምን ጠየቁህ አለችው።

ስለ መድፍ፣ አላት። የመርከቦቹ ጎን ስንት ክንድ እንደሚወፍር፣ ስንት ወታደር እንዳላቸው፣ ንጉሣቸው ማን እንደሆነ። መሪ ያዥ ምን ያውቃል? የማያውቀውን አላውቅም አለ፤ አንዳንዱን ደግሞ ደስ እንዲላቸው ገምቶ ነገራቸው።

«ምን ትበላ ነበር?» አለችው ታኪ።

ዜንሱኬ ዞሮ ረዘም አድርጎ አያት። ይህን ከጸሐፊዎቹ አንድም አልጠየቀውም። መጀመሪያ ቃል እየፈለገ፣ ቀስ እያለ ጀመረ። በዛፍ ላይ የሚበቅል፣ የልጅ ራስ የሚያክል አረንጓዴ ፍሬ አለ፤ እሳት ውስጥ ሲጠበስ ጣዕሙ ከስኳር ድንች ይቀርባል። ሥር ቀቅለው ወቅጠው በጣት የሚበሉትም አለ፤ በመጀመሪያው ቀን አፉ ውስጥ ሲያስገባው የግድግዳ ማጣበቂያ መስሎት ነበር። ከመርከቡ ሲያወርዱት ድዱ ይደማ ነበር፤ መቆም አይችልም። አንዲት አሮጊት ናቸው ያን ምግብ በጣታቸው እየጠቀለሉ እንደ ሕፃን ያጎረሱት፣ ሁለት ወር። እሳቸውም ዓሣ ነባሪ አዳኞች ጋር ሄዶ የቀረባቸው ልጅ ነበራቸው። ሲሰናበታቸው እንደ እናት አለቀሱለት፤ እሱም ወደ እናቴ ልሂድ ብሎ እሳቸውን ትቶ መጣ።

ከታች ባሕሩ ቡናማ ሆኖ ይንከባለላል። ታኪ ጉልበቷን አቅፋ ስትሰማ ቆየች።

«ስማቸው ማን ነበር?» አለችው።

«ኬኩላ።»

ታኪ ስሙን ደገመችው፤ ለአፏ አዲስ ነውና ተጣመመባት። አረማት። እንደገና ሞከረች።